ሳትጠይቁ የመጣ ኮድ፦ ቴሌግራም እንዴት ይሰረቃል፣ እንዴት ይጠበቃል

«ቴሌግራሜ ሃክ ተደርጓል፤ ብር ብጠይቃችሁ እንዳትልኩ» የሚል ማሳሰቢያ ፌስቡክ ላይ አይቶ የማያውቅ ሰው ዛሬ የሚገኝ አይመስልም። ከሥሩ «አይዞሽ»፣ «እኔንም ጠይቆኝ ነበር»፣ «እኔማ ልኬ ቁጭ አልኩ» ይደረደራል። ወዲያው ደግሞ «ትንሽ ክፈይ እንጂ አስመልስልሻለሁ» የሚል ሦስተኛ ወገን ብቅ ይላል። ቅር ቢያሰኝም ይነገር፦ እንዲህ ከሚጠፉት አካውንቶች ብዙዎቹ በረቀቀ የኮምፒውተር ጥበብ አልተሰበሩም። ባለቤቱ ተታሎ ኮዱን በገዛ እጁ ሰጥቷል። በእጅ የሚሰጥ ነገር ከሆነ ደግሞ አለመስጠት ይቻላል። መከላከያው አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ ብርም አይጠይቅም። ሰው ግን ዕቁቡን፣ ሱቁን፣ የማኅበሩን ግሩፕና የመታወቂያውን ፎቶ ሁሉ እዚያ አከማችቶ አሥሯን ደቂቃ ይነፍጋታል።

ኮዱ ምን ያህል ሥልጣን አለው

ቴሌግራም አዲስ ስልክ ላይ ሲከፈት በመሠረቱ የሚጠይቀው ስልክ ቁጥርና ኮድ ነው። ቁጥራችሁን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የሱቃችሁ ታፔላ ላይ አለ፣ የሠርግ መጥሪያ ላይ ታትሟል፣ ግሩፕ ውስጥም ብዙ ጊዜ ይታያል። ስለዚህ በሌባውና በእናንተ መካከል የቀረው አምስት አኃዝ ብቻ ነው።

አካውንታችሁ አንድ መሣሪያ ላይ ክፍት ከሆነ፣ ኮዱ ብዙውን ጊዜ በኤስኤምኤስ አይመጣም። እዚያው አፑ ውስጥ «ቴሌግራም» ከሚለውና የማረጋገጫ ምልክት ካለው ቻት ነው የሚመጣው። ሳትጠይቁ መጣ ማለት አንድ ሰው ቁጥራችሁን ሌላ ስልክ ላይ አስገብቶ ኮዱን እየጠበቀ ነው። ያኔ የሚደረግ ነገር የለም፤ ዝም ማለት ነው። ኮዱን ካልሰጣችሁት አይገባም።

የሚወስዱበት ዘዴ ስሙን ይለዋውጣል እንጂ ያው ነው። በጣም የተለመደው ከምታውቁት ሰው አካውንት ይመጣል፤ ያ አካውንት አስቀድሞ ተሰርቋል። «የእህቴ ልጅ ውድድር ላይ ናት፣ አንድ ድምፅ ስጪልኝ» ይላል፣ ሊንክ ይከተላል። ሊንኩ ሲከፈት ቴሌግራምን የሚመስል ገጽ ቁጥር ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ኮድ፣ አንዳንዱ ቀጥሎ ፓስወርድም ጭምር። ሌላው «ቴሌግራም ፕሪሚየም ስጦታ ደርሶሃል» የሚለው ነው። ሌላው «ኮድ በስህተት ወደ አንተ ተልኮብኛል» የሚለው ነው። ከቴሌ ወይም ከባንክ ነኝ ብሎ በትሕትና የሚደውልም አለ። በኪውአር የሚመጣም አለ፦ «ለመመዝገብ ይህን ስካን አድርጉ» ይባላል። በቴሌግራም ውስጥ ስካን የሚደረግ ኪውአር ግን አንድ አዲስ መሣሪያ ወደ አካውንታችሁ ያስገባል። የራሳችሁ ኮምፒውተር ፊት ካልሆናችሁ ስካን አታድርጉ።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ኮዱን በቴሌግራም መልእክት ለሌላ ሰው ከላካችሁት፣ ቴሌግራም ራሱ ያንን ኮድ ያከሽፈዋል። ሌባው ይህን ያውቃል። ስለዚህ «ስክሪንሹት አንሺና ላኪልኝ» ይላል፣ ወይም ደውሎ «አንብብልኝ» ይላል፣ ወይም በራሱ ገጽ ላይ እንድትጽፉት ያደርጋል። ከአምስት አኃዝ ይልቅ ፎቶ የሚፈልግ ሰው ካጋጠማችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

እውነተኛው «በቴሌግራም ግባ» የሚለው የድረ ገጾች አሠራርም ኮድ አያስጽፍም። ቁጥር ታስገባላችሁ፣ ቴሌግራማችሁ ውስጥ መልእክት ይመጣል፣ «ኮንፈርም» ወይም «ዲክላይን» ትነካላችሁ፣ አለቀ። ከቴሌግራም ከራሱ ድረ ገጽ (web.telegram.org) በቀር፣ አምስቱን አኃዝ አንድ ድረ ገጽ ላይ እንድትጽፉ የተጠየቃችሁበት ቦታ ሁሉ ወጥመድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ትዝብት። እ.ኤ.አ. በ2024 ኖትኮይንና ሃምስተር ኮምባት የተባሉት፣ ስክሪን እየነኩ ሳንቲም የሚሰበሰብባቸው የቴሌግራም ጨዋታዎች ሲመጡ ስንቱ ሰው ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ስክሪን ሲደበድብ እንደዋለ አይተናል። ያ ጊዜ ለብዙው ሰው ያተረፈለት ገንዘብ ምን ያህል እንደሆነ ራሱ ይናገር። ያተረፈው ልማድ ግን አለ፦ የመጣ ቦት ሁሉ «ስታርት» ይባላል፣ የመጣ ሊንክ ሁሉ ይነካል፣ ሌላ ሰው ለመጋበዝ ለሃምሳ ሰው ይላካል።  የዛሬው የማጭበርበር ሊንክ የሚራባው በዚሁ ልማድ ላይ ነው።

ሁለተኛውን ቁልፍ መግጠም

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምታደርጉ ከሆነ ይህን አድርጉ። ሴቲንግስ፣ ከዚያ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ከዚያ ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን። ፓስወርድ ታስገባላችሁ፣ ትደግሙታላችሁ፣ ማስታወሻ ፍንጭ ይጠይቃችኋል፣ ቀጥሎ ሪከቨሪ ኢሜይል። ኢሜይሉ ላይ ኮድ ይላካል፤ እሱን ካስገባችሁ በኋላ ተጠናቀቀ። ከዚህ በኋላ ኮዱ ቢሰረቅ እንኳ ፓስወርዱን የማያውቅ ሰው በር ላይ ይቀራል።

ሰው የሚሳሳትበት ግን እዚሁ ሦስት እርምጃ ውስጥ ነው።

ፓስወርዱ። የትውልድ ዓመት፣ የልጅ ስም፣ ያው ስልክ ቁጥር... ይህን ሌባውም ይሞክረዋል። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት ቃላት ይሻላሉ፤ ለምሳሌ ጀበና፣ ላስታ፣ ጎማ፣ ሰማንያ (ይህንኑ እንዳትወስዱት)። በላቲን ፊደል ጻፉት፤ በግዕዝ ፊደል መጻፍ ቢቻልም፣ አንድ ቀን ስልክ ጠፍቶባችሁ በሰው ስልክ ልትገቡ ስትሉ የአማርኛ ኪቦርድ የሌለበት ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል፤ ስለዚህ ሁሉንም በትንሽ ጻፉት። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቤት ውስጥ ከልደት ሰርተፍኬት ጋር ብታስቀምጡት ምንም ነውር የለውም። ከኦማን ወይም ከናይጄሪያ ሆኖ የሚያጠምዳችሁ ሰው ቁምሳጥናችሁን አይከፍትም። ስልኩ ውስጥ ኖት ላይ ወይም ሴቭድ ሜሴጅስ (ለራሳችሁ መልእክት የምታኖሩበት የቴሌግራም ቻት) ውስጥ ግን አይቀመጥ።

ፍንጩ። ፓስወርዱን ራሱን ፍንጭ አድርጎ የሚጽፍ አለ። ፍንጩ የሚታየው ፓስወርድ የሚጠየቅበት ገጽ ላይ ነው፤ እዚያ የደረሰ ሌባ ያነበዋል። ባዶ መተው ይቻላል።

ኢሜይሉ። ብዙ ሰው «ስኪፕ» ብሎ ያልፈዋል። ፓስወርዱን የረሳና ኢሜይል ያላስገባ ሰው ግን ሌባ ሳይነካው ራሱን ይቆልፋል። ኢሜይል ካላችሁም የማን ኢሜይል ነው? አገር ቤት ስልክ ሲገዛ ሞባይል ቤት ያለው ልጅ «ጂሜይል ልክፈትልህ» ብሎ ይከፍታል፤ ፓስወርዱን የሚያውቀው እሱ ነው፣ ባለስልኩ አድራሻውን እንኳ አያውቅም። እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ ጂሜይሉን ፓስወርድ ቀይራችሁ የራሳችሁ አድርጉት፣ አለዚያም አዲስ ክፈቱ። ለወላጆቻችሁ የምትገጥሙ ከሆነ የእናንተን ኢሜይል ስጡ፤ ፓስወርዱንም አብራችሁ ያዙ። እማማ አራቱን ቃላት ቢረሱ እናንተ ታስታውሷቸዋላችሁ።

ፓስኮድ ሎክ የሚባለው ሌላ ነገር መሆኑን አትርሱ። እሱ እጃችሁ ላይ ያለውን ስልክ ከልጅና ከጓደኛ ዓይን ይከልላል እንጂ፣ ሌላ ስልክ ላይ የሚገባን ሌባ አያግድም። «እኔ ቴሌግራሜን ቆልፌያለሁ» የሚሉ ብዙዎች የቆለፉት ይህንን ነው።

የገባ ሰው መኖሩን ማየት

ሴቲንግስ ውስጥ ዲቫይስስ የሚለውን ክፈቱ። አካውንታችሁ የተከፈተባቸው መሣሪያዎች በሙሉ ከሞዴላቸው፣ ከአገራቸውና ለመጨረሻ ጊዜ ከሠሩበት ሰዓት ጋር ይዘረዘራሉ። የአገሩ ስም ቪፒኤን (ኢንተርኔትን በሌላ አገር በኩል የሚያዞር አፕ) ሲበራ ይዛባል፤ ስለዚህ «ኔዘርላንድስ» ስላለ ብቻ አትደንግጡ፣ ሞዴሉን ተመልከቱ። ሳምሰንግ ይዛችሁ ሌላ ዓይነት ስልክ ከታየ፣ ወይም ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ከፍታችሁ የተዋችሁት ኮምፒውተር አሁንም ካለ፣ እሱን ነክታችሁ አስወጡ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማስወጣት «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» አለ፤ የያዛችሁት ስልክ ብቻ ይቀራል። እዚያው ከታች ሳይሠራ የቆየ መሣሪያ በራሱ እንዲወጣ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ ወደ አጭር ጊዜ አምጡት።

ፕራይቬሲ ውስጥ ሳላችሁ ስልክ ቁጥር ማን ያያል የሚለውን «ኖባዲ»፣ ግሩፕ ውስጥ ማን ያስገባኛል የሚለውን «ማይ ኮንታክትስ» አድርጉት። ሁለተኛው ብቻ «ቪዲዮ ላይክ አድርጋችሁ በቀን ይህን ያህል ብር» ከሚል ግሩፕ ያሳርፋችኋል።

ከተሰረቀ፦ የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት

ሌባው ገና ገብቶ ከሆነ ጊዜ ከእናንተ ጋር ነው። ቴሌግራም አዲስ የገባ መሣሪያ ለ24 ሰዓት ሌሎቹን መሣሪያዎች እንዲያስወጣ አይፈቅድም። እናንተ ግን የቆያችሁ ስለሆናችሁ ልታስወጡት ትችላላችሁ። ስለዚህ የሚከተለው ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው።

በመጀመሪያ፣ ሎግ አውት አታድርጉ፤ አፑንም አታጥፉት። ደንግጦ «ዲሊት አድርጌ እንደገና ልጫነው» የሚል ሰው ያለውን ብቸኛ መግቢያ በገዛ እጁ ይዘጋል። ቀጥሎ ዲቫይስስ ውስጥ ገብታችሁ ሌሎቹን ሁሉ አስወጡ። ወዲያው ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ክፈቱ። ፓስወርድ ካልነበረ አሁን ግጠሙ፤ የነበረና ሐሰተኛው ገጽ ላይ የጻፋችሁት ከሆነ ቀይሩት፤ ሪከቨሪ ኢሜይሉም የእናንተው መሆኑን አረጋግጡ።

ሌባው የራሱን ፓስወርድ ገጥሞ ቢገኝስ? እሱን ካስወጣችሁ በኋላ «ፎርጎት ፓስወርድ» ብላችሁ ፓስወርዱ እንዲጠፋ ጠይቁ። 7 ቀን ያስጠብቃችኋል። በዚያ ሳምንት ውስጥ ያ አንድ ስልክ ሎግ አውት እንዳይሆን፣ እንዳይፎርማት፣ እንዳይሸጥ። ሌባው ውስጥ እያለ ብትጠይቁ ግን ጥያቄውን ሊሰርዘው ይችላል፤ ለዚህ ነው ማስወጣቱ የሚቀድመው።

24 ሰዓቱ አልፎ ተባርራችሁ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። በቁጥራችሁ ለመግባት ስትሞክሩ ኮዱ መጀመሪያ የሚሄደው ሌባው እጅ ላይ ወዳለው አፕ ነው፤ «ኮዱ አልደረሰኝም» የሚለውን ነክታችሁ በኤስኤምኤስ እንዲመጣ ጠይቁ። ፓስወርድ ካልገጠመ ትገባላችሁ። ከገጠመ የሚቀረው አካውንቱን ሪሴት ማድረግ ነው፤ ሳምንት ይፈጃል፣ ቻቱም ግሩፑም ሁሉም ይጠፋል፣ ቁጥሩ ብቻ ይመለሳል። ከዚህ የተሻለ አስማት አለኝ የሚል ሰው ገንዘባችሁን ነው የሚፈልገው። ቴሌግራም የስልክ መሥመር ያለው የደንበኞች አገልግሎት የለውም፤ «ቴሌግራም ሰፖርት» ብሎ በውስጥ መሥመር የሚጽፍላችሁና ክፍያ የሚጠይቅ ሁሉ ሁለተኛው ሌባ ነው። ፌስቡክ ላይ የማስመለስ አገልግሎት የሚያስተዋውቁትን በዚሁ ሚዛን መዝኗቸው።

አካውንቱ ሲመለስ ሌባው ምን አይቶ እንደሄደ አስቡ። ተራ የቴሌግራም ቻት ሰርቨር ላይ ነው የሚቀመጠው፤ የገባ ሰው ከዓመታት በፊት የላካችሁትን ፓስፖርት፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ የባንክ ደብተር ፎቶ ሁሉ አግኝቷል። ሴቭድ ሜሴጅስን ዛሬውኑ አጽዱ፤ ገና ያልተሰረቃችሁም ጭምር።

ብሩ

ሌባው የገባው ለብር ነው። የድሮ ቻታችሁን አንብቦ ማንን «አንቺዬ»፣ ማንን «ጋሼ» እንደምትሉ ያውቃል፤ ከማን ተበድራችሁ እንደምታውቁም ያያል። ከዚያ በእናንተው አነጋገር «ሞባይል ባንኪንጌ አልሠራ ብሎኝ ነው፣ 8 ሺህ ብር ላክልኝ፣ ማታ እመልሳለሁ» ይላል። ድምፅ ስለላከ አትመኑ፤ የቆየ የድምፅ መልእክታችሁን ከሌላ ቻት አውጥቶ መላክ ይችላል።

የሚያጋልጠው የአካውንቱ ስም ነው። በሞባይል ባንኪንግም በቴሌብርም ስትልኩ ከማጽደቃችሁ በፊት የተቀባዩ ስም ይታያል። ጓደኛችሁ ሌላ፣ ስሙ ሌላ። ስትጠይቁት «የአክስቴ ልጅ ነው» ይላል። ያኔ በቴሌግራም ሳይሆን በተራ ስልክ ደውሉ። ካላነሳ ይቆይ፤ በጓደኛ ይሉኝታ ብር አይላክም። ይሉኝታችን ባይኖር ኖሮ ይህ ሙያ ባልሰፋ ነበር።

ከላካችሁ ደግሞ ለባንኩ ወዲያው ደውሉ፤ ንግድ ባንክ ከሆነ 951 ነው። የዝውውሩን መለያ ቁጥር፣ ሰዓቱንና የተቀባዩን አካውንት ይዛችሁ ቅርንጫፍ ሂዱ፣ ፖሊስ ጋም አመልክቱ። ቻቱን አታጥፉት፤ ሌባው ሊያጠፋው ስለሚችልም በስክሪንሹት ያዙት። ያለ ፈቃድ ሰው አካውንት ውስጥ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው። ብሩ ከወጣ በኋላ መመለሱ አስቸጋሪ ነው፤ ሌባው ኤቲኤም ሳይደርስ የደረሰ ሰው ግን ዕድል አለው።

ቻናል ያላችሁ

ቻናል ወይም ትልቅ ግሩፕ ያለው ሰው ከማንም በላይ ይፈለጋል። ባለቤትነትን ለሌላ ለማስተላለፍ ቱ-ስቴፕ ቢያንስ ለ7 ቀን በርቶ መቆየት አለበት፣ የሚያስተላልፈው መሣሪያም ከገባ 24 ሰዓት ማለፍ አለበት። ስለዚህ ሌባ ቢገባባችሁ ቻናሉን በዚያው ደቂቃ አይወስደውም፤ የቀደመ ግን ያስጥለዋል። ግሩፓችሁን ሊገዛ የመጣ ሰው «ራሴ ገብቼ ላስተካክል፣ ኮዱን ላክ» ካለ ንግዱ እዚያ ላይ ያበቃል። አድሚን ስታደርጉም «አድድ ኒው አድሚንስ» የሚለውን ሥልጣን ለሁሉም አትስጡ።

ቁጥሩ የማን ነው

የቴሌግራም ሥር ሲም ካርዱ ነው። ሲሙ በወንድም፣ በቀድሞ የትዳር አጋር ወይም በደላላ ስም ከወጣ፣ የጠፋ ቀን ምትክ የሚያወጣው እናንተ አይደላችሁም። የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994 ጠይቁ፤ በማን ስም እንደሆነ አጣርታችሁ ወደ ራሳችሁ አዛውሩ። አንድ ሰው «ይህን ቁጥር ደውሉ» ብሎ በኮከብ የሚጀምር ነገር ካስደወላችሁም ጥሪያችሁ ወደ እሱ እየተዛወረ ሊሆን ይችላል፤ ኮድ በድምፅ ጥሪ ሲመጣ እሱ ጋ ይሄዳል። *#21# ደውላችሁ ታያላችሁ፣ ##21# ደውላችሁ ታጠፋላችሁ።

በዓረብ አገር የሚሠሩ እህቶች ዘንድ ይህ ነገር የባሰ ነው። ሲሙ ብዙ ጊዜ በአሠሪ ስም ነው፤ ኮንትራት ሲያልቅ ሲሙ እዚያው ይቀራል፣ ቴሌግራሙ ግን በዚያ ቁጥር ይቀጥላል። ተጥሎ የቆየ ቁጥር ደግሞ ኋላ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል፤ ያ ሰው ቴሌግራም ሲከፍት ቱ-ስቴፕ ከሌለ ቀጥታ የእናንተ ቻት ውስጥ ይገባል። አገር ቤት ያለውን ቁጥር ሳይሞሉ ዓመታት ውጭ የሚኖሩም ያው ናቸው።

መፍትሔው አዲስ አካውንት መክፈት አይደለም። አሮጌው ገና ክፍት እያለ ሴቲንግስ ውስጥ ስልክ ቁጥራችሁን ነክታችሁ «ቼንጅ ነምበር» በሉ። ኮዱ የሚላከው ወደ አዲሱ ቁጥር ስለሆነ አሮጌው ሲም እጃችሁ ላይ ባይኖርም ይሠራል፤ ቻቱም፣ ግሩፑም፣ ቻናሉም ሳይነካ ይሻገራል። በአዲሱ ቁጥር አስቀድማችሁ ሌላ ቴሌግራም ከፍታችሁ ከሆነ ግን እምቢ ይላችኋል፤ ያንን ባዶውን አካውንት መጀመሪያ ዲሊት አድርጉና ተመለሱ። የትኛው ክፍት እንደሆነ ሳታዩ እንዳትነኩ፤ ሁለቱ አንድ ስልክ ላይ ጎን ለጎን ሲሆኑ በስህተት ዋናውን የሚያጠፋ ሰው አለ።